ዝናብ የማይሰማበት ቤት

አባቴ ይህን ቤት ሲሠራ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ያለው ሰፈር ጣሪያው ሁሉ ቆርቆሮ ነበር። የእኛ ብቻ ግራጫ ሆነ። ከሲሚንቶ የተሠራ፣ እንደ ቆርቆሮ የተሸነሸነ፣ ከባድ ክዳን ነው። ተሸካሚዎቹ አንዱን ለሁለት ይዘው «ዞር በል! ዞር በል!» እያሉ የመርካቶን ሰው ሰንጥቀው ሲመጡ፣ አባቴ ከኋላቸው እንደ ሚዜ ቀጥ ብሎ ይራመድ እንደነበር እናቴ ትነግረን ነበር። ያን ቀን ለጎረቤቱ ሁሉ «አይዝግም፣ አይቃጠልም፣ የልጅ ልጄም ያየዋል» ብሎ ነበር አሉ። ያለው ሁሉ ደረሰ። አልዛገም፣ አልተቃጠለም። የልጅ ልጁም አየችው፤ አይታም «በዚህ ሥር አልተኛም» አለች። የምጽፈው የዚህን ነገር ነው።

መጀመሪያ ግን የክዳኑ ውለታ ይነገር። ሰው አንድን ነገር ከቤቱ ከማስወጣቱ በፊት ምን እንዳደረገለት ማስታወስ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ቆርቆሮ ሥር ያደገ ሰው ክረምትን ያውቀዋል። ዝናቡ ሲወርድ አጠገብህ ያለው ሰው ካልጮኸ አይሰማህም፤ ሕፃን ማልቀሱን እንኳ የምታውቀው አፉ ሲከፈት አይተህ ነው። እኛ ቤት ግን ዝናብ ሹክ ይል ነበር እንጂ አይጮኽም። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ ሲሆን የግቢው ሰው ሬዲዮ ለመስማት እኛ ቤት ይሰበሰባል። አባቴ የሬዲዮውን ሽቦ ከጣሪያው ማገር ጋር አስሮት ነበር። የግቢው ልብስ ሰፊ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ይመጣል፤ ተሸካሚዎቹ በር ላይ እግራቸውን አራግፈው ይገባሉ፤ እኛ ልጆች ጠረጴዛው ሥር እንደረደራለን። ከውጭ ጎርፉ ካርቶንና ጭድ እየነዳ ሲወርድ ከውስጥ የዜና አንባቢው ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ዜናው ሲያልቅ ክርክሩ ይጀምራል። እኔ ክርክር የተማርኩት እዚያ ነው።

ከሁሉም ቀድመው የሚመጡት እትዬ ነበሩ። እትዬ በግቢያችን ጥግ ባለችው አንድ ክፍል የሚኖሩ፣ በርበሬ ተራ በርበሬ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ሙሽራ ሆነው ወደዚህ ግቢ ሲገቡ እኔ ገና የምድህ ሕፃን ነበርኩ፤ አዝለው አሳድገውኛል። ዛሬም በሕይወት አሉ። ዛሬም «አንተ!» ብለው ሲጠሩኝ ካለሁበት ብድግ እላለሁ።

ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። አባቴ ሲታመም የብርጭቆና የትሪ ሱቃችንን ያዝኩ። ማንበብ ያጠናሁት በእትዬ መጠቅለያ ነው። እትዬ በርበሬ የሚጠቀልሉበትን አሮጌ ጋዜጣ በኪሎ ይገዙ ነበር፤ ፊደል አልቆጠሩም፣ ወሬ ግን ነፍሳቸው ነው። ከገበያ ሲመለሱ የተረፈውን ይዘው ይመጡና «እስቲ ምን ይላል?» ይሉኛል። እኔም ዝናቡ ሹክ እያለ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። ጋዜጣው ሁልጊዜ ግማሹ የለም። ሌባው ይሮጣል፤ ይያዝ አይያዝ አናውቅም። ሹሙ ንግግር ይጀምራል፤ አይጨርስም።

«መጨረሻውስ?» ይላሉ እትዬ።

«መጨረሻውንማ በርበሬ ጠቅልለው ሸጠውታል።»

«ወላሂ፣ ለማን እንደሸጥኩት ባውቅ ሄጄ እጠይቅ ነበር!»

በዚህ የተነሳ የብዙ ነገር መሃሉን አውቃለሁ፤ መጨረሻውን የማውቀው የጥቂቱን ነው። ልጆቼን ግን በአንድ ነገር አጥብቄ ነው ያሳደግኋቸው። ያነበብሽውን ሳትጨርሺ አትከራከሪኝ። አባት ለልጁ የሚያስተምረው ነገር አንድ ቀን ወደ ራሱ ተመልሶ እንደሚመጣ ያን ጊዜ አላሰብኩም።

ልጄ ዘንድሮ የመጀመሪያ ልጇን አረገዘች። የምትኖረው ከባሏ ጋር ከከተማው ዳር ባለ ኮንዶሚኒየም ነው። በእኛ ወግ የመጀመሪያ ልጅ ሲሆን ሴት ልጅ አራስነቷን ከእናቷ ቤት ታሳልፋለች። ባለቤቴ ወሬውን ከሰማችበት ቀን ጀምራ ሌላ ሥራ አልነበራትም። በግቢው በኩል መስኮት ያለውን ክፍል አጸዳች፣ አዲስ ፍራሽ አስገባች፣ የእናቷን ጋቢ አጥባ አጣጥፋ አልጋው ራስጌ አስቀመጠች።

ነገሩ የተበላሸው በዲሽ ነው። ምስሉ ቢጠፋ ጊዜ ሠራተኛ ጠራሁ፤ ሰውየው ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሲዞር ክዳኑ ከእግሩ ሥር ተሰነጠቀ። ከሥሩ የነበረው የአቡጀዲ ኮርኒስ አብሮ ተቀደደና ግራጫ ዱቄት የመሰለ አቧራ አዲሱ ፍራሽና ጋቢው ላይ ወረደ። ባለቤቴ ሰውየውን እየረገመች መጥረጊያ አንስታ መጥረግ ጀመረች። ልጄ ለጥየቃ የመጣችው በዚያው ሰዓት ነው። ከበሩ ላይ ቆማ ወደ ላይ አየች፣ አልጋውን አየች፣ ከዚያ ጮኸች።

«እማዬ፣ መጥረጊያውን ተይው! ውጪ! ቶሎ ውጪ!»

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ? አቧራ ነው እኮ።»

«አቧራ አይደለም። ውጪ ብዬሻለሁ!»

እናቷን ጎትታ አወጣችና በሩን ዘጋችው። ልጄ በላቦራቶሪ የምትሠራ ናት፤ በከንቱ የምትደነግጥ ሰው አይደለችም።

«አባዬ፣ ይሄ ክዳን አስቤስቶስ ነው» አለችኝ። «ሲሰበር ክር ክር የሆነ ነገር ይወጣዋል፤ በዓይን አይታይም። ሰው ከተነፈሰው ሳንባ ውስጥ ይቀመጣል። በሽታው የሚመጣው ከስንት ዓመት በኋላ ነው።»

«አያትሽ ነው ያለበሰው» አልኩ። መልስ መሆኑ ነው።

«አያቴ አላወቀም። አንተ ግን ይኸው አሁን ነገርኩህ።»

«እንለውጠዋለን በቃ።»

«እንደ ነገሩ አይለወጥም። በሥርዓቱ ካልተነሳ እኔ ልጄን ይዤ እዚህ አልገባም። እዚያው ቤቴ አራስ ሆኜ እተኛለሁ።»

ይህን ብላ ሄደች። ባለቤቴ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ «እናት እያላት ብቻዋን?» ትላለች፤ ትንሽ ትቆይና ደግማ «እናት እያላት?» ትላለች። እኔ ተቆጥቼ ነበር። ልጄ የተቆጣችብኝ በእኔው አቆጣጥ ስለሆነ ደግሞ ይበልጥ አበሳጨኝ።

ክረምቱ ሳይገባ መጨረስ ነበረብኝ። ስለዚህ የመርካቶን መንገድ ያዝኩ፤ ምናለሽ ተራ ካሉት የአሮጌ ዕቃ ገዢዎች አንዱን ጠራሁ። ምናለሽ ተራ ሌላው የጣለው ነገር ሁሉ አዲስ ሥራ የሚያገኝበት ቦታ ነው፤ በርሜሉ ምድጃ፣ ጎማው ጫማ ይሆናል። ሰውየው መጥቶ ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ።

«ጋሼ፣ ይሄማ ሀብት ነው! ዛሬ የት ይገኛል? ነገ ጠዋት ልጆች ይዤ እመጣለሁ። ሙሉውን ሙሉውን እናወርዳለን፤ የተሰነጠቀውን በመዶሻ ደቀቅ አድርገን በጆንያ እናወጣለን። ግቢዎን ጠርገን ነው የምንሄደው።»

«የተሰበረውን ምን ታደርጉታላችሁ?»

«ጋሼ ደግሞ! መርካቶ ውስጥ የሚጣል ነገር አለ እንዴ? አንዱ ወጥ ቤት ይከድንበታል፣ አንዱ የምድጃ ጀርባ ያደርገዋል። እሳት አይበላው፣ ምን አለበት?»

ዋጋ ሁሉ ተነጋገርን። ማታ ለልጄ ስልክ ደውዬ በኩራት ነገርኳት። «አባዬ፣ አንብበህ ጨርሰሃል?» አለችኝ። ሌላ ቃል አልተናገረችም። በስልኬ የሚነበብ ነገር ላከችልኝ።

አነበብኩት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ነገሩ ልጄ ካለችውም የባሰ ነበር። ክዳኑ ሳይነካ ሲቀመጥ ያን ያህል ጉዳት የለውም፤ አደጋው ሲሰበር፣ ሲመታ፣ ሲበሳ፣ ሲቆረጥና ደረቁን ሲጠረግ ነው። እኔ የተስማማሁት ደግሞ በመዶሻ ሊደቁሱት፣ በመጥረጊያ ሊጠርጉት፣ ከዚያ ለሌላ ቤት ሊሸጡት ነው። የእኔ ልጅ የማትተኛበትን ክዳን በሌላ ሰው ልጅ ራስ ላይ መክደን ንግድ አይባልም። ጠዋት ሰውየው ሲመጣ በር ላይ አቆምኩት።

«ጋሼ፣ ሌላ ሰው የበለጠ ሰጠዎት እንዴ?»

«ማንም አልሰጠኝም። እንዲያውም ለሚያነሱልኝ ሰዎች የምከፍለው እኔ ነኝ።»

ሰውየው ጣሪያውንም እኔንም አየ። «ዕቃዎን ሰጥተው፣ ብርም ጨምረው?» ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞረ። «እናቴ፣ ጋሼ ሌሊት እንቅልፍ ተኝተዋል?»

ወረዳ ሄድኩ። ወረዳ ያለው ልጅ «ጋሼ፣ ጣሪያ ለመቀየር ፈቃዱን እኛ እንሰጣለን፤ ይሄን ማንሳት ግን የእኛ አይደለም» ብሎ ወደ ክፍለ ከተማ ላከኝ። ክፍለ ከተማ ካንዱ በር ወደ ሌላው በር ስላክ ቆይቼ በመጨረሻ የአካባቢ ጥበቃ ጉዳይ የምትከታተለው ሴት ጋ ደረስኩ። ይህች ሴት አልተሳለቀችብኝም። «ብዙ ሰው ሰባብሮ በሌሊት ገደል ይከተዋል፤ እርስዎ በቀን መጡ» አለችኝ። አደገኛ ቆሻሻ ለማንሳትና ለማጓጓዝ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ብቻ እንደሚያነሱት፣ ከቤት ቆሻሻ ጋር እንደማይደባለቅ፣ ግቢ ውስጥ ቆፍሬ ልቅበረው ብል እንኳ እንደማይቻል፣ ጎረቤትም አስቀድሞ ማወቅ እንዳለበት ነገረችኝ። ሁሉም ነገር በአማርኛ የተጻፈበት ወረቀትም ሰጠችኝ። አጣጥፌ የደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ይህን የሚያነብ ሰው እንዲህ ያለ ክዳን ካለው የምመክረው ይኸንኑ ነው። መንገዱ ያደክማል፤ ግን መንገድ አለው።

ሥራው ዓርብ እንዳይሆን ለመንኩ። ዓርብ ሰጋጁ ከመስጊዱ ተርፎ እስከ እኛ በር ድረስ ምንጣፉን ያነጥፋል፤ በሰጋጅ ራስ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይወርድም። ሰኞ ሆነ። ከዋዜማው በየቤቱ እየዞርኩ መስኮት እንዲዘጉ፣ ልብስ እንዳያሰጡ፣ ሥራው እስኪያልቅ ከግቢው እንዲወጡልኝ ነገርኩ። ጠዋት ሁላችንም ከበሩ ማዶ መንገዱን ተሻግረን ተደረደርን። ለእትዬ በርጩማቸውን አወጣሁላቸው።

ሠራተኞቹ ራሳቸውን ጭምር የሚሸፍን ነጭ ቱታ ለብሰው፣ አፍና አፍንጫቸውን በወፍራም ማስክ ዘግተው ከመኪና ወረዱ። ማስኩ እኛ በኮሮና ጊዜ ያደረግነው ዓይነት ጨርቅ አይደለም፤ ጎንና ጎኑ ላይ ማጣሪያ አለው። የዛሬው ልብስ ሰፊ፣ የዚያኛው ልጅ፣ አላስቻለውም።

«እነዚህ ሰዎች ጨረቃ ሊሄዱ ነው ወይስ ከጨረቃ መምጣታቸው ነው?»

«ዝም በል አንተ!» አሉት እትዬ። «ቱታው ጥሩ ስፌት ነው። ከሩቅ እንኳ ከአንተ ይሻላል።»

ሥራቸውን ስመለከት ዋልኩ። መጀመሪያ ክዳኑን ሳሙና በተቀላቀለበት ውሃ አራሱት። መዶሻ አልነኩም። ብሎኑን አንድ በአንድ ፈትተው፣ ክዳኑን ሳያንገጫግጩ፣ ሳይጥሉ፣ በገመድ አወረዱት፤ እታች የሚቀበለው ሰው በወፍራም ላስቲክ ጠቅልሎ፣ በላዩ ሌላ ላስቲክ ደርቦ፣ ዙሪያውን በፕላስተር ዘጋው። አቡጀዲውንም አርሰው ጠቀለሉት። ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ወለወሉ፤ ጨርቁም ወደ ላስቲኩ ገባ። ከዚያ ፍራሹ ወጣ፤ ከዚያ ጋቢው። ባለቤቴ «ጋቢውን ብቻ ይተዉልኝ፣ እኔ አጥበዋለሁ» ብላ ልትሻገር ስትል ክንዷን ያዝኩ። የእናቷ ጋቢ ነው። ሲጠቀለል ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች።

አባቴ ያለበሰው ቤት ራሱን ተገልጦ አየሁት። ማገሩ ላይ የሬዲዮው ሽቦ አሁንም እንደታሰረ ነበር። ሬዲዮው ከሞተ ስንት ዘመኑ፤ ቋጠሮው ግን የአባቴ ቋጠሮ ነው። ሰማይ በቤታችን ውስጥ ገብቶ ሳሎኑን ሲያበራ ሳሎኑ እንዴት ትንሽ እንደሆነ አየሁ። ያ ሁሉ ሰው በክረምት የት ገብቶ ነበር?

ከሰዓት በኋላ የሠራተኞቹ አለቃ ወደ በሩ መጣና ማስኩን ሳያወልቅ ጠየቀ። «አባት፣ ከዚህ ክዳን ሌላ ቦታ የሄደ አለ? መኪናው ዛሬ ከሄደ ለአንድ ቁራጭ ብሎ አይመለስም፤ ፈቃዱንም እንደገና ከመጀመሪያው ነው የሚያወጡት።»

አለ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። አባቴ ቤቱን ሲጨርስ የተረፈውን ክዳን ግድግዳ ላይ አስደግፎት ነበር፤ እናቴ ደግሞ ለሚያስፈልገው ጎረቤት እያካፈለች ጨረሰችው። እሳት የማይበላው ነገር ማን ይጠላል? አንዱ የውሃ በርሜላችን ክዳን ነው፤ እሱን ወዲያው ሰጠሁ። አንዱ ልብስ ሰፊው የከሰል ካውያውን የሚያስቀምጥበት ነው።

«ውሰዱት» አለ ልብስ ሰፊው። «እንግዲህ ካውያዬን ጋሼ ራስ ላይ አስቀምጣለሁ፤ እሱም እሳት አይበላውም።»

ሦስተኛው የእትዬ ነበር። ትልቅ፣ ሙሉ ክዳን ነው፤ በእነ እትዬ በር፣ በድንጋይ ላይ ተጋድሞ በርበሬ የሚያሰጡበት። ልጄ ልትተኛበት የነበረው ክፍል መስኮት የሚከፈተው በእሱ ፊት ለፊት ነው።

«የእኔ አይነካም» አሉ እትዬ፣ ከበርጩማቸው ሳይነሱ።

«እትዬ፣ የግድ ነው።»

«እናትህ ናት የሰጠችኝ። ባሌ ሞቶ በርበሬ ልጀምር ስል፣ መሬት ላይ አታሰጪ ብላ ራሷ ተሸክማ ድንጋዩ ላይ አጋድማ ሰጠችኝ። ልጆቼን ያሳደግሁት በእሱ ላይ ነው። አሁን አንተ የእናትህን ስጦታ ልትነጥቀኝ?»

ሰጥቶ መንሳት በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም እኔ ሲጨንቀኝ ሰባኪ እሆናለሁ። ቆሜ ስለ ሳንባ፣ ስለ ሕግ፣ ስለ ጎረቤት ኃላፊነት ተናገርኩ።

«ይሄን ሁሉ ዓመት እኔን ለምን አልገደለኝም?» አሉኝ። «ስብከቱን ትሪ ለሚገዛህ ሰው አድርገው።»

ልብስ ሰፊው ሳቀ። ደሜ ፈላ። «ግዴታ ነው ብያለሁ!» ብዬ ጮህኩባቸው። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እትዬ ከበርጩማቸው ተነስተው በርጩማውን አዞሩና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡ።

ባለቤቴ ጠጋ አለችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ያዘለችህን ሴት መንገድ ላይ ትጮህባታለህ? እኔ ጋቢውን ስሰጥ ያየኸኝ መስሎኝ ነበር።»

በዚህ መሃል ስልኬ ጮኸ። ልጄ ናት።

«አለቀ አባዬ?»

«እያለቀ ነው።»

«የእትዬስ?»

«እሱ ገና ነው።» ልጄ ድምፄን ታውቀዋለች።

«አባዬ፣ እኔ እኮ ነበርኩ ልጅ ሆኜ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ በሽቦ ብሩሽ የምፈገፍግላቸው። በርበሬው አሸዋ እንዳይዝ ብለው። ትዝ አይልህም? አፍንጫዬ ግራጫ ሆኖ ስመጣ ትስቁብኝ ነበር።»

ትዝ አለኝ። ሁላችንም ስንስቅ ትዝ አለኝ። «ቆይ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

መንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ፣ ከእትዬ በርጩማ አጠገብ ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ከደረት ኪሴ ወረቀቱን አውጥቼ መነጽሬን አደረግሁ።

«እትዬ፣ ላንብብልዎት?»

ሳይዞሩ «መጠቅለያ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም። ሙሉ ነው።»

«ሙሉ?»

«መጨረሻውም አለ።»

በርጩማውን ትንሽ ወደ እኔ አዞሩት። «እስቲ ምን ይላል?»

እንደ ድሮው ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ ቀስ ብዬ። ነገሩ ከምን እንደሚሠራ፣ ለምን ይወደድ እንደነበር፣ ምን ሲደረግ አቧራው እንደሚነሳ። ልብስ ሰፊውም ጠጋ ብሎ ቆመ። «ሲቆረጥ፣ ሲበሳ፣ ሲፈገፈግ» ስል እትዬ እጄን ያዙኝ።

«ሲፈገፈግ ይላል?»

«ይላል።»

«ቀጥል።»

ገጹን ገለበጥኩ። መጨረሻው ላይ የተነፈሰው ሰው ለብዙ ዓመት ምንም ሳይሰማው ሊቆይ እንደሚችል፣ የነካ ሁሉ እንደማይታመም፣ ልጆች ግን ዕድሜያቸው ገና ረጅም ስለሆነ በተለይ መራቅ እንዳለባቸው ይናገራል። አንብቤ ወረቀቱን አጠፍኩት። ከዚያ በኋላ ሌላ ገጽ የለም።

እትዬ ሻሻቸውን አስተካከሉ። ወደ ግቢው አዩ። «ትፈገፍግልኝ የነበረችው እኮ ልጅህ ናት» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «ትንሽ ናት፣ ጎንበስ ስትል አይደክማትም ብዬ ነው እኮ።»

ማናችንም አላወቅንም ነበር። ይህንኑ ነገርኳቸው።

እትዬ ብድግ አሉ። «ይውሰዱት» አሉ። «ግን ስማኝ፤ አንተ አልወሰድክብኝም። እናትህ ለእኔ ሰጠችኝ፣ እኔ ደግሞ ለአራሷ ሰጠኋት። እንዲህ ብለህ ንገራት።»

«እነግራታለሁ።»

«የጮህክብኝን ግን ለእናትህ መቃብር ላይ እነግርብሃለሁ።»

ሠራተኞቹ ወደ ክዳኑ ሲሄዱ እትዬ ከበሩ ሆነው ያዝዟቸው ጀመር። «ቀስ! ቀስ በሉ! ውሃውን ጨምሩበት!» ውሃው ሲረጭበት ከክዳኑ ሽንሽን ውስጥ የስንት ዓመት በርበሬ ቀልጦ ቀይ ሆኖ ድንጋዩ ላይ ወረደ። ጠቀለሉት፣ ደግመው ጠቀለሉት፣ መኪናው ላይ ጫኑት። የወረደውን ቀይ ውሃም በጨርቅ መጥጠው ወሰዱት። መኪናው ዞሮ ሲሄድ እትዬ እንደ ሰው ሸኙት፤ እስኪጠፋ ድረስ ቆመው።

አሁን በርበሬያቸውን በሰሌን ላይ ያሰጣሉ። የእንጨት መደብ ሠርቼላቸው ነበር፤ «ይሄማ የሬሳ መሸከሚያ ይመስላል» ብለው ልብስ ማጠቢያ አደረጉት።

ልጄ በሰኔ መባቻ ወለደች። ሴት ልጅ ናት። ከሆስፒታል ቀጥታ ወደ እኛ ቤት መጣች፤ በግቢው በኩል መስኮት ወዳለው ክፍል ገባች። አዲስ ፍራሽ፣ አዲስ ኮርኒስ፣ አዲስ ቆርቆሮ። ጋቢው ብቻ የለም። እትዬ ለገንፎው በርበሬ አዘጋጅተው መጡ፣ «በሰሌን ነው የደረቀው፣ አትፍሪ» እያሉ። ልጄ እጃቸውን ይዛ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችም። ስለ ብሩሹ ሁለቱም አላነሱም።

ልጄ ጤነኛ ናት። ማን እንደሚታመም ማን እንደማይታመም ወረቀቱ አይናገርም፤ ለእትዬ ሙሉ ነው ያልኳቸው ወረቀት እንኳ እዚያ ላይ ግማሽ ነው። ይህን ስለማውቅ እንዳላወቀ ሰው ልጽፍ አልችልም። ከእንግዲህ የሚመጣውን ግን ዘግተነዋል። ይህችኛዋ ሕፃን አፍንጫዋ ግራጫ አይሆንም።

በቀደም ከሰዓት በኋላ የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ጣለ። እትዬ ከእኛ ጋር ሳሎን ተቀምጠው ነበር። በስልኬ ሬዲዮ ከፍቼ ዜና እየሰማን ነው። መጀመሪያ አንድ ሁለት ጠብታ ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ አለ፤ ከዚያ ወረደ። ቤቱ በሙሉ ጮኸ። በሕይወቴ በዚህ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ሕፃኗ ትነቃለች ብዬ ሮጬ ወደ ክፍሉ ገባሁ። እናቷ ደገፍ ብላ ተቀምጣ ወደ ላይ ታያለች። ሕፃኗ እጇን ጨብጣ ተኝታለች። ለእሷ ቤት ማለት ይህ ድምፅ ነው፤ ሌላ አታውቅም።

እኔ ግን ቆሜ ያንን ሹክሹክታ ፈለግሁት። ጠረጴዛው ሥር የተደረደርነውን፣ በር ላይ እግሩን የሚያራግፈውን ሰው፣ ሽቦውን የሚያስረውን አባቴን። የለም። ከክዳኑ ጋር ተጠቅልሎ ሄዷል። ቢመልሱልኝ አልቀበልም፤ ቢሆንም ናፈቀኝ።

ወደ ሳሎን ስመለስ እትዬ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ደቅነው ይዘውታል።

«ምን አለ?» ብዬ ጮህኩ።

«ምን?»

«ዜናው! ምን አለ ነው የምልዎት?»

ስልኩን አውርደው ወደ ቆርቆሮው አመለከቱና ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ።

«መጨረሻውን ዝናቡ ወሰደው!» አሉኝ፣ እየጮኹ።